ቅቤ የተቀባው መሪ

ያን ቀን ሳስታውስ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ሦስት ሳምንት ሙሉ የለፋሁበትን መኪና፣ ላዩን እንኳ በወጉ ያላየ አንድ ጎረምሳ በአንድ ጣቱ ነክቶ የሰው መሳቂያ አደረገብኝ።

ሶዶ ውስጥ አስተማሪ ነበርኩ፤ ያለችኝም አንዲት አሮጌ አውቶሞቢል ናት። ከአዲስ አበባ የመጡ የመኪና ስፖርት ወዳጆች ከከተማው ወጣ ባለ ሜዳ ላይ በኖራና በአሮጌ ጎማ መንገድ አስምረው፣ የፈለገ ሰው የራሱን መኪና አምጥቶ ሦስት ዙር እንዲነዳ ፈቀዱ። ፍተሻ ያላለፈ ግን አይነዳም። ዕድሜ ልኬን ከባጃጅ ኋላ ስንፏቀቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ፍየል ይገባብኛል ሳልል ነዳጁን እስከ መጨረሻው ልረግጥ ፈለግሁ።

ባልደረቦቼ አንድ ለአምስት ስብሰባ ተቀምጠው ሲያዛጉ እኔ መኪናዬ ሥር ተጋድሜ ነበር። የፍሬን ሸራ አስቀየርኩ፤ የፍሬን ዘይቱንም እንዲሁ። የጎማዎቹን ንፋስ አስለካሁ፣ ባትሪውን በሽቦ ጠፍሬ አሰርኩ፣ እንዳይንከባለሉ ብዬ ክሪኩንና ትርፍ ጎማውን አወረድኩ። ሞተር ብስክሌት ካለው ጎረቤቴ ሄልሜት ተዋስኩ። ሜዳውንም በእግሬ ደጋግሜ ዞርኩት፤ እዚህ ጋ ፍሬን፣ እዚያ ጋ ማርሽ እያልኩ ለብቻዬ ሳወራ ያየኝ ሁሉ ምን ነካው ሳይል አልቀረም።

በዋዜማው ያሳደገችኝ አክስቴ፣ የአባቴ እህት፣ ከዲምቱ መጣች። በእኛ ዘንድ ሙሽራም ሆነች አራስ፣ ሰው ፊት ልትወጣ ስትል አናቷን ቅቤ ትቀባለች። አክስቴም ልጇ ሕዝብ ፊት ሊወጣ መሆኑን ስለሰማች ለጋ ቅቤ በኮባ ጠቅልላ ይዛ ነበር። ጠዋት አናቴን ልትቀባ ስትጠጋ፣ «ሄልሜቱ የሰው ነው፣ ይበላሻል» ብዬ እምቢ አልኳት። ቅቤዋን እንደያዘች ወደ ውጭ ወጣች።

ልነዳ ስገባ እጄ መሪው ላይ አልቆም አለ። አናቴን ብከለክላት መኪናዋን ቀብታለች! ኮፈኑም መሪውም ያብረቀርቃል። እሷ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ ከጎኔ ተቀምጣ ፈገግ ብላለች። ተናደድኩ፤ ግን ምን ልበላት? መሪውን በመሐረቤ እንደነገሩ ጠራርጌ፣ ጥርሴን ነክሼ ወደ ሜዳው ነዳሁ።

ፈታሹ ጥቁር መነጽር ያደረገ ጎረምሳ ነበር። ፍሬኑን አላየ፣ ጎማውን አላየ። በሩን ከፍቶ መሪውን በጣቱ ዳሰሰና አሸተተው።

«ምንድን ነው ይሄ? ክትፎ ልትሠራበት ነው?» አለ ጮክ ብሎ። ሰው ሁሉ ሳቀ። «እንዲህ ሆኖ መንዳት የለም። ማነው የቀባው?»

«እኔ እንጃ» አልኩ። «ልጆች ይሆናሉ።»

አክስቴ አጠገቤ ቆማለች። አማርኛዋ ከገበያ አያልፍም፤ ይህን ግን ሰምታዋለች።

«እኔ ነኝ የቀባው» አለችው። «ልጄ ነው።»

ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ ይዛ መሪውን ዙሪያውን ጠረገችው። ኮፈኑንም ጠረገች። ለዚያ ቀን ብላ ያጠበችው ነጠላ ነበር። ፈታሹ ዞር ብሎ ሳያየን «ይለፍ» አለ።

ሦስቱንም ዙር ነዳሁ። ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረገጥኩ፤ ሰውም አጨበጨበልኝ። እኔ ግን ንዴቱ ስላልለቀቀኝ አንዱንም ኩርባ በደንብ አላስታውሰውም።

ለዓመታት ያንን ባለመነጽር ሳማው ኖርኩ። የሰው ወግ የማያውቅ፣ ስድ እያልኩ። ስድነቱስ ስድ ነው። ነገር ግን እሱ የሰደበው ቅቤውን ነው፤ ሴትዮዋን የካድኳት እኔ ነኝ።

ስንመለስ አክስቴ የቆሸሸውን የነጠላ ጫፍ እንዳላየው ወደ ውስጥ አጥፋው ነበር። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ በቤታችን ቋንቋ፣ «መሪው አላዳለጠህም?» አለችኝ።

«አላዳለጠኝም» አልኳት። ይቅርታ ግን ያን ቀንም፣ ከዚያም በኋላ አልጠየቅኳትም።