ውሃ የሚጠጣው ድንጋይ

ስለ ሁለት የቢላ መሳያ ድንጋዮች መጻፍ ይገባኝ እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። የክፍሌ ልጆች ስለ ጉዞና ስለ ፍቅር ሲጽፉ እኔ ድንጋይ ይዤ ብቀርብ ይስቁብኝ ይሆናል። ግን የዚህን ያህል ያሰብኩበት ሌላ ነገር የለኝም፤ አባቴም አለበት።

ከሚሴ፣ እኛ ሰፈር ለዓረፋ በግ የሚያርደው አባቴ ነው። ጎረቤት ሁሉ በጉን እየሳበ ወደ ግቢያችን ይመጣል። አባቴ በአንድ ነገር ቀልድ አያውቅም፤ በጉ ቢላው ሲሳል ማየት የለበትም። ስለዚህ ቢላ የሚሳለው ጓዳ ውስጥ፣ በር ተዘግቶ ነው፤ የምስለውም እኔ ነኝ። ጓዳው መስኮት የለውም። ሁለት ድንጋዮች አሉን። አንዱ ሻካራ ነው፤ የዶለዶመ ቢላ ስለት የሚወጣለት በእሱ ነው። ሌላው ደቃቅ፣ የመጨረሻ ማለስለሻ ነው። መልካቸው አንድ ዓይነት ግራጫ ስለሆነ በጨለማው በጣቴ እየዳበስኩ ነበር የምለያቸው።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ በዋለው ዓረፋ፣ ሁለተኛው በግ ላይ ቢላው ያዘ፤ በአንድ ስበት አልቆርጥ አለ። አባቴ እንደገና መሳብ ነበረበት። ሥጋው ተከፋፍሎ ሰው ሲበተን ግን አባቴ መዳፉን ገልብጦ እያየ ለእናቴ፣ «እጄ ደክሟል። ወላሂ እንስሳ አላሰቃይም፤ የከርሞውን ሌላ ሰው ይረድ» አላት።

«አንድ ቀን ቢይዝብህ ነው?» አለችው።

እኔን ግን አንድ ጥያቄ ያዘኝ። የደከመው እጁ ነው ወይስ እኔ የሳልኩት ቢላ? ዩኒቨርሲቲ ገብቼም ጥያቄው አልለቀቀኝም።

ዘንድሮ ለዓረፋ ወደ ቤት ስመጣ፣ በአባቴ ፈንታ አንድ ጎረቤታችን እንዲያርድ ተነግሮት ቆየኝ። ሁለቱን ድንጋዮች በፌስታል ቋጥሬ ጨፋ ሮቢት ገበያ ሄድኩ። ማጭድና ቢላ የሚሸጡ ሽማግሌ ፊት አስቀምጬ፣ «አባ፣ ደቃቁ የትኛው ነው?» አልኳቸው።

«አንቺስ የቱ ትያለሽ?»

ለስላሳውን አነሳሁ። ሳቁ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ በዚህ ከጨረስሽማ ቢላሽ መጋዝ ነው! ጣት ይዋሻል። ሁለቱንም አጥበሽ አድርቂና ውሃ አጠጪ፤ ቶሎ የሚጠጣው ሻካራው ነው።»

ቤት ገብቼ ሁለቱንም በአመድና በፍል ውሃ ፈተግኳቸው። ከለስላሳው የወጣው ጥቁር እድፍ ጉድ ነው! ለካስ በእርዱ መሃል ቢላውን ስብ እንደነካው ስለምንስለው፣ የዓመታት ስብና የብረት ብናኝ የሻካራውን ድንጋይ ቀዳዳዎች ደፍኖ አለስልሶታል። ደቃቁ ደግሞ ብዙም ስላልተሠራበት ገና አልተበላም፤ ጣት ሲነካው ይሻክራል። ፀሐይ ላይ ካደረቅኋቸው በኋላ አንድ አንድ ማንኪያ ውሃ ጠብ አደረግሁባቸው። ለስላሳ የነበረው ወዲያው ጠጣው፤ በሌላው ላይ ውሃው ቆሞ ቀረ። ቢላ ስስብባቸው ድምፃቸውም ይለያያል። ሻካራው ያጉረመርማል፣ ደቃቁ ያንሾካሹካል። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ እውነቱን ለመናገር ደስ ስላለኝም ጭምር ነው።

አባቴ በራፉ ላይ ቆሞ ኖሯል።

«ዩኒቨርሲቲ ድንጋይ ማጠጣት ነው የሚያስተምሯችሁ?»

«አባዬ፣ አምና ደቃቁ መስሎኝ በሻካራው ነው የጨረስኩት። ጥፋቱ የእጅህ ሳይሆን የእኔ ነው።»

ድንጋዮቹን ተቀብሎ በጥፍሩ ጫር ጫር አደረጋቸው።

«ዓመት ሙሉ ይህን ይዘሽ ዝም አልሽ?»

«እርግጠኛ አልነበርኩም።»

«እኔ ግን እጄ መድከሙን እርግጠኛ ነበርኩ» አለ፣ ቀስ ብሎ።

ቢላውን መጀመሪያ በሻካራው፣ ቀጥሎ በደቃቁ ስዬ ሰጠሁት። የክንዱን ፀጉር ላጨበት።

«ሂጂ፣ ለዚያ ጎረቤታችን ነገ እንዳይለፋ ንገሪው።»

በማግስቱ ከሶላት መልስ ስድስት በግ አረደ፤ አንዱም ላይ ቢላው አልያዘም። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ስለ እጁ መድከም ተነሥቶ አያውቅም። ነገሩ ያበቃው አርብ፣ ግንቦት 29 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው።