የማዳም ካዞቦን ቀለበትና የሳተላይቱ መስታወት

በፒሬኔ ተራሮች ግርጌ የምትኖሩ፣ ከበላያቸውም የምታበሩ ከዋክብት ሁሉ፣ ዕወቁ! የማይሊስ ካዞቦን የቀለበት ጣት አብጧል። ቀልድ የመሰለው ይሳቅ፤ በዚያ ጣት ሰበብ የአንድ ሳተላይት ዓይን ሊጠፋ ነበር።

ማይሊስ ታርብ ከተማ አጠገብ ባለ ፋብሪካ የሳተላይት ቴሌስኮፕ መስታወት ትጠርባለች። ከብርጭቆ የተሠራ እንዳይመስላችሁ፤ ሲሊከን ካርባይድ የሚሉት ጥቁር ሴራሚክ ነው። ቀላልና ግትር ነው፤ በሁለቱም ሥራ አስኪያጁን ሙሲዩ ዴስካን ይመስላል። ጥሬው እንደ ጠመኔ ለስላሳ ስለሆነ የሚጠረበው ያኔ ነው። እቶን ገብቶ ከበሰለ ወዲያ ከአልማዝ በቀር የሚደፍረው የለም። ጥሬው ግን በቀላሉ ስለሚጫር ቀለበት አድርጎ ወደ እሱ መቅረብ ክልክል ነው። የማይሊስ ግን አልወልቅ ብሏት በፕላስተር ጠቅልላዋለች።

መስታወቱ እቶን ገብቶ በሩ ከተዘጋ በኋላ፣ የጎመን ሾርባዋን ልትቀምስ ስትል፣ ፕላስተሩ ተቀዶ ቀለበቱ ጥቁር ዱቄት ለብሶ አየች። ማንኪያው ከእጇ ወደቀ።

«ፔዮት፣ ጉድ ሆኛለሁ!» አለችው የሥራ ባልደረባዋን።

«ባልሽ ያን ቀለበት ሲገዛ ‘መዘዝ ነው’ ብዬው ነበር።»

«አትቀልድ! ጭሬው ከሆነ እሳቱ ውስጥ ይሰነጠቃል።»

«እንግዲህ እቶን ሥራው ሳያልቅ አይከፈትም። ሂጂና ለአለቃው ንገሪው።»

ነገረችው። ሙሲዩ ዴስካ መስታወቱ እቶን ከመግባቱ በፊት ጥሬው ላይ ተለጥፎ የተነሳውን ፎቶግራፍ ለጋዜጠኞች እየመረጠ ነበር። የጠረበው እሱ ይመስላል።

«ከተሰነጠቀ፣ ማዳም ካዞቦን፣ ሌላ እንጀራ ይፈልጉ» አላት፤ ዓይኑን ከራሱ መልክ ሳያነሳ።

እቶኑ እስኪበርድ ማይሊስ እንቅልፍ አልነበራትም። በሩ ሲከፈት የመስታወቱ ጠርዝ ላይ ክብ ጠባሳ ተገኘ።

«ይኸው!» አለ ሙሲዩ ዴስካ።

ማይሊስ ቀለበቷን ጠባሳው ላይ ብታስጠጋው ቀለበቱ በስፋት በለጠ። «የእኔ አይደለም!»

«ሲበስል ከስድስት አንድ እጅ ይኮማተራል፤ ጠባሳውም አብሮ። ይህንን ላስተምርዎ?»

እውነቱን ነው። ያን ጊዜ ፔዮት መብራቱን ወደ ጠባሳው አስጠጋ።

«ማይሊስ፣ ቀለበትሽ መሐሉ ላይ አራት ቀዳዳ አለው እንዴ?»

ዓይን ሁሉ ወደ ሙሲዩ ዴስካ ባለ አራት ቀዳዳ የኮት ቁልፎች ዞረ። አለቃው በሁለት እጁ ሆዱን ሸፈነ፤ ቁርጠት የያዘው ይመስል። የቀለበቱ ዱቄት ለካ የፋብሪካው አቧራ ኖሯል።

ቀጥሎ መስታወቱን የሚያበራ ቀለም ቀብተው በሐምራዊ መብራት ፈተሹት። ስንጥቅ ቢኖር ቀለሙ ውስጡ ገብቶ እንደ መብረቅ ክር ይታይ ነበር። ምንም የለም! ጠባሳውም ያረፈው ኋላ በአልማዝ ተፍቆ በሚጣለው ትርፍ ላይ ነው።

«ዋናው ነገር የሁላችንም ሥራ መዳኑ ነው» አለ ሙሲዩ ዴስካ፣ ላቡን እየጠረገ።

«የሁላችንም!» አለ ፔዮት።

ማይሊስ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፤ ሄዳም የቀዘቀዘ ሾርባ ሁለት ሰሃን ጠጣች።

አንተም አንባቢዬ፣ ባለ ቁልፍ ኮት የለበስክ፣ የሰው ሥራ ላይ ተጎንብሰህ ፎቶ ልትነሳ ስትል፣ እባክህ፣ በመጀመሪያ ያንን ኮትህን…