ሰላምታ የሚመልሰው ሰውዬ

ካናዳ፣ ሳስካቱን ከተማ ባለችው ትንሽ ኮሌጅ የአናቶሚ ክለሳ የሚጀመረው በሰላምታ ነው። ተማሪዎቹ ሲሞት ገላውን ለትምህርት ሰጥቶ፣ ነጭ ጨርቅ ለብሶ የተኛውን ሰው፣ «እንደምን አደሩ፣ ጋሼ!» ይሉታል። ስሙ አይነገራቸውም።

«ደህና፣ እናንተስ?» የሚል ድምፅ ግን ከኋላ ወንበር፣ ከአንድ ሽማግሌ ይመጣል።

አስጠኚዋ ሎርና ሰውዬውን በስተርጅና ትምህርት ከሚጀምሩት እንደ አንዱ ነው የቆጠረችው። ካፖርቱን እስከ አንገቱ ይቆልፋል፤ የግራ እጁን ጓንት አያወልቅም። ከመግባቱ በፊት በበሩ መስታወት ላይ እያየ፣ ዘመድ ሊጠይቅ እንደመጣ ሰው ሽበቱን ያበጥራል።

«ሰላምታው ለርስዎ አይደለም እኮ!» ብሎ አንዱ ተማሪ ቀለደበት።

«አውቃለሁ። እሱ መመለስ ስለማይችል ነው።»

ዛሬ ክለሳው ስለ ሴልና ስለ ዘር ውርስ ነበር። «መልካቸው አንድ የሆነ መንትዮች መጀመሪያ አንድ ሴል ነበሩ» አለች ሎርና።

ሰውዬው እጁን አወጣ። «ያ አንዱ ለሁለት ሲከፈል፣ ዋናው የትኛው ነው? ትርፉስ?»

«ዋናም ትርፍም የለም።»

«እናታችን እንደሱ አትልም ነበር» አለ ፈገግ ብሎ።

ሎርና ወደ ጡንቻዎች አለፈችና የተኛውን ሰው እጅ ለማሳየት ጨርቁን ገለጥ አደረገች። ትንሿ ጣት እንደ መንጠቆ ወደ ውስጥ ተቆልምማለች። ቀና ስትል ሰውዬው አጠገቧ ቆሟል። ጓንቱን አውልቋል፤ የእሱም ትንሽ ጣት እንደዚያው ናት።

«ፊቱንም ግለጪልኝ፣ የኔ ልጅ» አላት። «ሞቼ ምን እንደምመስል ልየው።»