ዐይን አስሮ ማስታመም

«እመት እናናየሁ» ብዬ ስጀምር የአንኮበር ሰው እንደሚስቅ አውቃለሁ። ጠይቧን እመት አላት ይበል! ሸክላ ሠሪ ናቸው፤ ጎጇቸው ከከተማው በታች ቁልቁለቱ ላይ ናት። አገሬው በእሳቸው ድስት ወጡን ይሠራል፣ በእሳቸው ጋን ጠላውን ይጠምቃል፣ ጠጥቶ ሞቅ ሲለው ደግሞ ስለ ቡዳነታቸው ያወራል።

ሰባት ወልደው አራት ቀብረዋል። የቀሩትን ሦስቱን ያተረፏቸው ክታብ አስጽፈው አይደለም፤ ቁጭ ብለው እያዩአቸው ነው። ትንፋሽ መቼ እንደሚፈጥን፣ ከንፈር መቼ እንደሚደርቅ፣ ለቅሶ መቼ እንባ እንደሚያጣ። ይህን የሰሙ እናቶች ልጅ ሲታመምባቸው በጓሮ በር ያስጠሯቸው ጀመር። ነገር ግን ቡዳ ያየው ሕፃን ይበላል ይባላልና፣ ደጃፍ ላይ ሲደርሱ በገዛ ነጠላቸው ዐይናቸውን ያስሯቸዋል። አስታማሚ ጠርቶ ዐይን ማሰር! ዘበኛስ ሲቀጥሩ እንዲሁ ያደርጉ ይሆን?

እሳቸው ግን ለመዱት። የጭቃን እርጥበት የሚለይ የእጃቸው ጀርባ ትኩሳትንም ይለያል። አውራ ጣታቸውን አናቱ ላይ፣ እርግብግቢቱ ላይ አሳርፈው፣ ጎድጉዶ ካገኙት ሕፃኑ ውኃ እንደጠማው ያውቃሉ። ጆሯቸውን ደረቱ ላይ ለጥፈው ትንፋሹን ይቆጥራሉ። «ይህን ሁሉ ባና ማን ጫነበት? ልጅ ነው ወይስ ሊጥ?» ብለው ይገልጡታል። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ጠብ ጠብ ያደርጉለታል። ጡት የከለከለች እናት ካለች ጉድ ፈላባት።

እኔ በዚያን ጊዜ ፈረንጆች ያሳተሟቸውን ስስ ስስ መጻሕፍት አንብቤ ነበር። አራት ናቸው። በአራት መጽሐፍ አንኮበርን ሙሉ እስቅባት ነበር! ቡዳ የሚባል ነገር እንደሌለ ሰንበቴ ላይ ጠላ እየጠጣሁ አስተምራለሁ፤ ዐይን የሚያስሩትን እናቶች እያስመሰልኩ ሰው አስቃለሁ። ባለቤቴ አመተ ማርያም «ሰው ላይ መሳቅ መቼ ነው የሚተዉት?» ትለኝ ነበር።

በ1878 ዓ.ም. ኩፍኝ ገባ። ልጃችን ሸዋወርቅ ዓመት አልሞላትም፤ ያዛት። እመት እናናየሁን አስጠራሁ፣ ያውም በፊት ለፊት በር። ጎረቤት ቤቱን ሞልቶታል። እሳቸው እንደ ልማዳቸው ዐይናቸውን አስረው ገቡ።

«ማሰሪያውን ፍቺው! እኔ ቤት እንዲህ ያለ ተረት የለም» አልኳቸው። የእናቴ እኩያ ናቸው፤ አንቺ ነው ያልኳቸው።

ፈቱት። ወደ መደቡ አንድ እርምጃ ቀረቡ። ይህች መጽሐፍ የምትገልጥ እጄ፣ ሳላዛት፣ ጋቢውን ስባ የልጄን ፊት ሸፈነችው።

ከጎረቤቶቹ አንዷ ኪኪ ብላ ሳቀች። እመት እናናየሁ አንድ ጊዜ አዩኝና ነጠላቸውን መልሰው አሰሩ።

«ግድ የለም ጌታው፤ የለመድኩት ነው።»

ዳሰሷት፤ አዳመጧት። «ደረቷ ደኅና ነው። ጡት አይቅርባት። ኩፍኝ ግን የሚፈራው ለዐይን ነው፤ ዐይንን ደግሞ በእጅ ዳስሼ አላውቀውም። ልየው?»

«እኔ አያለሁ» አልኩ።

«እንግዲያው ይንገሩኝ። ይከፈታል? ብሌኑ ጥርት ያለ ነው?»

የጋቢውን ጫፍ ገልጬ አጮለቅሁ። የዐይኗ ቆቦች በዐይናር ተጣብቀዋል። ለመንካት ፈራሁ፤ መፍራቴ እንዳይታወቅ ደግሞ ይበልጥ ፈራሁ። «ደኅና ነው» አልኩ።

«ከተጣበቀ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃና በንጹሕ ጥጥ ቶሎ ቶሎ ይጠቡት። እንቢ ካለ አስጠሩኝ» ብለው ሄዱ።

በማግስቱ አመተ ማርያም፣ «ዐይኗ አልከፈት አለ፤ ሴትዮዋን ላስጠራ?» አለችኝ።

«ብርሃን ጠልታ ነው፤ ተያት። አትነካኪያት» አልኩ። ቢጠሩ መዋሸቴ ይወጣል።

በአራተኛው ቀን አመተ ማርያም ራሷ ቁልቁለቱን ወርዳ አመጣቻቸው። ማንንም ሳይጠይቁ በገለጠ ዐይናቸው ገቡ። ጥጡን እየነከሩ ቀስ ብለው ጠረጉ። ቀኙ ተከፈተ፤ ጥቁር፣ ጥርት ያለ። ግራው ሲከፈት ነጭ ነበር።

«ደኅና ነው ብለውኝ ነበር» አሉ። «ማንበብ የሚችል ሰው አይቶ ነው የነገረኝ ብዬ አመንኩ።»

ጥጡን አስቀምጠው ወጡ።

በሳምንቱ፣ ጠይቧ ዐይኗን ገልጣ ገብታ የሕፃኗን ዐይን በላች ተባለ። ሰንበቴ ላይ፣ «እህ ጌታው፣ መጽሐፉ ምን ይላል?» አሉኝ። ቡዳ የለም ብል፣ ታዲያ ማን አጠፋው ሊሉኝ ነው። ጠላዬን ጠጣሁ፤ የእሳቸው ጋን የያዘውን ጠላ። ከዚያ ወዲያ በጓሮ በር እንኳ የሚያስጠራቸው ጠፋ። ልጆች ግን መታመማቸውን አልተዉም።

ሸዋወርቅ ዘንድሮ አራት ዓመቷ ነው። ሲጠሯት አንገቷን ጠምዘዝ አድርጋ በቀኟ ታያለች። ባለፈው ሳምንት ገበያ ይዣት ወረድኩ። እመት እናናየሁ ድስቶቻቸውን ደርድረው ተቀምጠዋል። ልጅ መያዜን እንዳዩ ነጠላቸውን ዐይናቸው ላይ ጣሉ።

«አባባ፣ ለምንድን ነው የሚሸፈኑት?» አለች፣ ያውም ጮክ ብላ።

ገበያተኛው ዞሮ አፍ አፌን አየ። የእሳቸውም ድስት የያዘ እጅ ቆመ።

እጇን ይዤ አለፍኩ።