መድኃኒት ያሉት ነገር

በልብስ ፋብሪካው እድፍ ማስለቀቂያ ክፍል «አይምሬ» የሚሏት ሴት አለች። ቅጽል ስሙን ያወጡላት ባልደረቦቿ ናቸው፤ የያዘችውን እድፍ ካላስለቀቀች አትተወውምና። የስፌት መኪና ዘይት የነካው ሸሚዝ ሲመጣላት ትረጭበታለች፣ በጨርቅ ታሸዋለች፣ አለቀ ደቀቀ። የምትረጨውን ፈሳሽ ሁሉም «መድኃኒት» ይሉታል። ማን እንደጀመረው አይታወቅም። ክፉ ነገር መልካም ስም ካገኘ ደግሞ ቤት ድረስ ይዘልቃል፤ አይምሬም በፕላስቲክ የውሃ ጠርሙስ እየቀዳች ለልጇ ትወስድላታለች።

አብራት የምትኖረው ይህች ልጅ የሰፈሩን ልብስ እያጠበች ቤቱን ትደጉማለች፤ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። ጎረቤት ስለ ሽታው እንዳያማርር ጓዳ ገብታ፣ መስኮት ዘግታ ነው እድፍ የምታስለቅቀው።

«እማዬ፣ ዛሬም ራሴን አዞረኝ።»

«እርግዝና ነዋ! አንቺን ሳረግዝ እኔስ መቼ ቆሜ ሄጄ አውቃለሁ?»

«ሽታውም ያፍነኛል።»

«መድኃኒት አይደል እንዴ? መድኃኒት መቼ ጣፍጦ ያውቃል!»

ሁለቱም ይስቃሉ።

አንድ ቀን ጠዋት የፋብሪካው ኬሚስት ሠራተኞቹን ሰበሰበቻቸው። ዕቅድ ወጥቷል። መርዛማው ኬሚካል ዘንድሮ በግማሽ ይቀነሳል፤ ለከርሞ ጨርሶ ይቀራል። ዘይት የሚያንጠባጥቡት መኪኖች ይጠገናሉ፣ የቀረውን እድፍ ሳሙናና ውሃ ይችለዋል። አይምሬ «እስቲ እናያለን» አለች በሆዷ። ሳሙናን ትንቅ ነበር።

«መጀመሪያ ግን ይህን ነገር መድኃኒት ማለት ይቅር» አለች ኬሚስቷ። «መርዝ ነው። ጉበት ይጎዳል፣ ራስ ያዞራል። የተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሆነማ አይጣል ነው! ደግሞ ከምንገዛው ውስጥ የት እንደሚገባ የማናውቀው አለ። የሚያውቅ ሰው ካለ ይንገረን።»

ሁሉም ጫማ ጫማውን አየ። ያልወሰደ ማን አለና! የፋብሪካ ንብረት ያወጣ ሰው ደግሞ ያንኑ ቀን ይባረራል።

አይምሬ ደነገጠች። ልጇ ይሄኔ ጓዳ ውስጥ ናት፤ መስኮቱም ዝግ ነው። መድኃኒት ነው ብላ ያስጨበጠቻት እሷው ናት። ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም ብትል እንጀራዋ አይነካም፤ ማንም አይጠይቃትም። አንጀቷ ግን እሺ አላላትም። እጇን አወጣች።

«ለነፍሰ ጡርስ እንዴት ነው?»

«ለእሷማ የባሰ ነው፤ ለፅንሱም ያሰጋል። ግን እኮ እትዬ፣ እናንተ ክፍል ነፍሰ ጡር የለችም።»

አጠገቧ የተቀመጠችው ጓደኛዋ ቀሚሷን ጎተት አደረገቻት። አይምሬ እጇን መትታ አስለቀቀቻት።

«ቤቴ አለች» አለች።