አማቴ ግመሎቹን ያዩ ዕለት

የምሠራው የእንስሳት ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ከምሥራቅ ክፍለ ከተማ ጫፍ ባለው ግቢያችን፣ ከቦረና ቆላ የመጡ እንስት ግመሎች ለጥናት ተቀምጠው ነበር። የእኔ ድርሻ በደማቸው ውስጥ ያለውን ሆርሞን መለካት ነው። በግቢው ወንድ ግመል ስላልነበረ እንቁላል ሲለቀቅ የሚጨምረው ሆርሞን፣ ፕሮጄስትሮናቸው፣ ሁልጊዜ ዝቅ ያለ ነበር። በአልትራሳውንድ ሲታዩ እንቁላል የያዘው ከረጢት ያድጋል፣ ቆይቶ ይከስማል፣ ሌላ ይተካል። ላም ብትሆን ጊዜው ሲደርስ በራሷ ትለቀው ነበር። ግመል ግን ከወንድ ጋር ካልተገናኘች አብዛኛውን ጊዜ እንቁላል አትለቅም።

ያን ጊዜ ካገባሁ ዓመታት አልፈዋል፤ ልጅ አልወለድኩም። መሃል ከተማ ያለች የማህፀን ሐኪም መርምራ፣ እንቁላሎቼ አድገው እንደማይለቀቁ ስትነግረኝ ብዙ ማብራሪያ አላስፈለገኝም። ክኒን አዘዘችልኝ።

በዚያው ሰሞን አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ከሰሜን ሸዋ መጡ። ለባለቤቴ ሌላ ሴት እንዳሰቡለት ከእህቱ ሰምቻለሁ። ለእኔ ግን ጠበል እንሂድ ብቻ አሉኝ፤ ሄድን። ከዚያ ሥራዬን ማየት ፈለጉ፤ ግመል በቅርብ አይተው አያውቁም።

ስንደርስ የእንስሳት ሐኪሙ፣ ቀደም ሲል እንቁላል የሚያስለቅቅ የሆርሞን መርፌ የወጋትን አንዷን ግመል በአልትራሳውንድ እያያት ነበር። ከረጢቱ የለም፤ እንቁላሉ ተለቋል። አማቴ አጥሩን ተደግፈው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ያለ ወንድ ወይም ያለ መርፌ እንቁላል እንደማትለቅ፣ አሁን ግን እንደለቀቀች ነገርኳቸው። ግመሏን እያዩ፦

«ታዲያ መካን አይደለችማ» አሉ።

«አይደለችም።»

«አንቺም እንደሷ ነሽ?»

«አይደለሁም፣ እማማ። የሷ ተፈጥሮዋ ነው፣ የእኔ ሕመም ነው። መድኃኒት ጀምሬያለሁ፤ ላይሠራም ይችላል።»

በባጃጅ ወደ ቤት ተመለስን። እራት ላይ ልጃቸውን እኔ ባለሁበት፣ «አንተስ ተመርምረሃል?» አሉት። አልተመረመረም ነበር። በማግስቱ ራሳቸው ይዘውት ሄዱ። ውጤቱ ደህና ነበር፤ እሳቸው ግን ለልጃቸው ያሰቧትን የሌላዋን ሴት ነገር ተዉት፣ ወደ አገራቸውም ተመለሱ።

ሐኪሟ የመድኃኒቱን መጠን ከፍ ስታደርግልኝ አረገዝኩ፤ ሴት ልጅ ወለድኩ። ለሁለተኛ ልጅ ሞክረን አልሆነም። ግመሎቹም ጥናቱ ሲያበቃ ወደ ቦረና ተመለሱ። አማቴ አስበውት ስለነበረው ነገር አንድም ቀን አላነሱልኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።