ወሬውን ለማን ልላክ?

ጥሪው በጊዜው ቢደርሰኝ ኖሮ እሄድ ነበር ወይስ እቀር ነበር? ይህን ራሴን ስጠይቅ ኖሬአለሁ፤ መልሱን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። ጥያቄው የመጣብኝ ከሥራዬ ጋር ስለሆነ ከሥራው መጀመሪያ ቀን ልነሳ።

ደሴ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሬከርድ ክፍል የተቀጠርሁት ደርግ ሥልጣን በያዘ ሰሞን ነው። ትምህርት የጀመርሁት ዘግይቼ ነበር፤ ኩታበር ሳለን ለሴት ልጅ ትምህርት ማን ይቸኩላል። አሥረኛን ስጨርስ የክፍል ጓደኞቼ ሁሉ ታናሾቼ ነበሩ። የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ተካ በመጀመሪያው ቀን ተቀመጪ እንኳ ሳይሉኝ የአንድ ተማሪ ፋይል ከፊቴ ዘረጉ።

"አንብቢው።"

አነበብሁት።

"ምን አየሽ?"

"የአያቱ ስም በፊተኛው ገጽና በኋለኛው ገጽ አንድ አይደለም።"

"በይ ተቀመጪ" አሉኝ። ሌላ ፈተና አልነበረም።

ሥራችን ፋይል መክፈት፣ የየክፍሉን ውጤት ከመምህራን መረከብ፣ ትራንስክሪፕት በታይፕ መምታትና ማመሳከር ነበር። ማኅተሙን የሚያሳርፉት ጋሽ ተካ ብቻ ናቸው። ደሃ ወይም ሀብታም፣ የጓድ ልጅ ወይም የገበሬ ልጅ ቢመጣ ተራውን ጠብቆ ነው።

ከባዱ ሥራ የሚመጣው ከማትሪክ በኋላ ነው። የኩታበር፣ የቢስቲማና የደሴ ዙሪያ ልጆች ተፈትነው ወደ እርሻቸው ይመለሳሉ። ውጤቱ፣ ከውጤቱም በኋላ የዩኒቨርሲቲ ምደባውና የውጭ ትምህርት ዕድል ጥሪው ከአዲስ አበባ የሚደርሰው በክረምት ነው፤ መንገዱ በሚጨቀይበት፣ ወንዙ በሚሞላበት ጊዜ። ስለዚህ እያንዳንዱን ልጅ ከመሄዱ በፊት እጠይቀዋለሁ፤ "ወሬውን ለማን ልላክ?" አንዱ የአውቶቡስ ረዳት ይጠራልኛል፣ አንዱ ገበያ የሚወጣ ጎረቤት፣ አንዱ የደብሩን ቄስ። የተጠራልኝን ስም በፋይሉ ጀርባ በእርሳስ እጽፈዋለሁ።

ወሬው በብዙ አፍ ስለሚያልፍ የወደቀ ልጅ ገበያ መሐል እንዳይዋረድ አንድ ዘዴ ነበረን። ያለፈውን "ይምጣ" ብዬ እልካለሁ፤ መጥቶ መፈረም አለበትና። ያላለፈውን ግን "ሰላም ብላለች በሉት" ብቻ ነው። ቤተሰቡ ይገባዋል፣ ሌላው ሰው አይገባውም። ውሎ አድሮ ግን ዘዴው ታወቀ። አንድ ቅዳሜ ኩታበር እናቴን ልጠይቅ ሄጄ ልጃቸው የተፈተነ አንድ አዛውንት ገበያ ላይ አገኘሁ።

"አሰላሙ አለይኩም፣ አባባ።"

"አንቺ ልጅ፣ ወላሂ ሰላምታሽን ያዥልኝ፤ የኔው ልጅ ውጤት ገና አልመጣም" ብለው በአህያ መሐል ሸሹኝ።

ያኔ ሳቅሁ። በኋላ ግን ሰው ሁሉ ከኔ የሚጠብቀው የልጁን ወሬ እንጂ የኔን ደህንነት እንዳልሆነ ገባኝ። ደሴ የተከራየሁት ክፍል ውስጥ ከመጽሐፍ በቀር የሚጠብቀኝ አልነበረም።

በመጽሐፉም ምክንያት ነው ነገሩ የተጀመረው። ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት እየተዋስሁ የአሥራ አንደኛንና የአሥራ ሁለተኛን ትምህርት ለብቻዬ ጨረስሁ። በግል መፈተን ይቻል ስለነበር ተመዘገብሁ፤ ደሴ ሳይሆን ኮምቦልቻ ወርጄ። ቀን ቀን "አብሽር፣ አላህ የተሻለውን ያመጣል" እያልሁ የማጽናናቸው ልጆች ተራቸውን እኔን ሲያጽናኑኝ ማየት አልፈለግሁም። ለእናቴም፣ ለጋሽ ተካም፣ ለአከራዬም አልነገርሁም። አድራሻ በሚለው ላይ "ደሴ" ብዬ ብቻ ሞላሁ።

ውጤቱ ሲለጠፍ ቅዳሜ ወርጄ አየሁት። ጥሩ ነበር፤ እንዲያውም ከጠበቅሁት በላይ። የምነግረው ሰው ስላልነበረ ከሰሌዳው ፊት ትንሽ ቆሜ፣ በሙቀቱ መናኸሪያ ድረስ በእግሬ ሄጄ ተሳፈርሁ። ከዚያ ለውጭ ትምህርት ዕድልም አመልክቼ፣ በየቅዳሜው እየወረድሁ ጥሪውን ስጠብቅ ከረምሁ።

ጥሪው የወጣው ለሁሉም ትምህርት ቤት በአንድ ሰሞን ነው። ለኛም ዝርዝር ደረሰን፤ ቀኑ አጭር ነበር። ቅዳሜንም እሑድንም ሳልል ጠዋት መናኸሪያ፣ ከሰዓት ገበያ እየዋልሁ "ይምጣ፣ ትምጣ፣ ነገ ዛሬ እንዳትል" እያልሁ ላክሁ። አንድም ልጅ አልቀረብኝም። የመጨረሻው ፈርሞ ሲሄድ ፈቃድ ጠይቄ ኮምቦልቻ ወረድሁ።

ስሜ ሰሌዳው ላይ ነበር። ቡልጋሪያ ይላል። አዲስ አበባ መቅረቢያው ቀን ግን አልፏል።

የዚያ ትምህርት ቤት የሬከርድ ሠራተኛ አቶ እንድሪስ የሚባል ጎልማሳ ነው። ሰኢዳ የምባለው እኔ ነኝ ስለው እስክሪብቶውን ጣለ።

"የት ጠፍተሽ ነው አንቺ! ቦታሽን እኮ ለተጠባባቂ ሰጡት።"

"ሰው አልላክህብኝም?"

"ለማን ልላክ? ደሴ ብለሽ ጽፈሽ። ደሴ ስንት ሺ ሰው አለ? በር ላይ ቆሜ ይህችን ልጅ የሚያውቃት አለ ወይ ብዬ ጠራሁ። ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ።"

"አገር ውስጥ ምደባውስ?"

"ለውጭ የታጨ ከዚያ ይሰረዛል፤ ይህንንም አታውቂም?"

አውቅ ነበር። ለስንቱ አስረድቻለሁ።

"ለመሆኑ ምን ትሠሪያለሽ?" አለኝ ለስለስ ብሎ።

"ቤት ነው የምውለው" አልሁት።

ሰኞ ሥራ ገባሁ። ልጃቸው ያለፈላቸው አንዲት እናት ከደሴ ዙሪያ ጎመንና ድንች ተሸክመው መጥተው መረቁኝ፤ "ያንቺንም አላህ ያግራልሽ፣ የልብሽን ይሙላልሽ።" አሚን አልሁ። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ማመልከት ይቻል ነበር፤ የማመልከቻው ጊዜ መጣ፣ አለፈም፣ እኔም የሌሎቹን ሳመሳክር ቆየሁ።

ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ደርግም ወደ ማብቂያው ሲቃረብ፣ ዘሐራ የምትባል የቢስቲማ ልጅ ተፈትና ወደ ቤቷ ልትሄድ ስትል ልትሰናበተኝ መጣች። የተለመደውን ጠየቅኋት።

"ለማንም አይላኩ እትዬ። ራሴ እመጣለሁ።"

"ክረምት ነው። በምን ትመጪያለሽ?"

"መፈተኔን ቤት አያውቁም። ካልሆነልኝ ማን ይስማብኝ ብለው ነው?"

እርሳሱን አስቀመጥሁና ነገርኋት። ኮምቦልቻን፣ ሰሌዳውን፣ ሰውዬው በር ላይ ቆሞ ስሜን መጥራቱን። ከአፌ ሲወጣ እንዲህ አጭር መሆኑ ገረመኝ። ልጅቱ ነጠላዋን ስትጠቀልል ስትፈታ ቆየች።

"ስምዎ ሲጠራ አንድም ሰው አላወቀዎትም?"

"አንድም።"

"በሉ ለአጎቴ ይላኩልኝ፤ ሰይድ ይባላል፣ ቢስቲማ ገበያ ላይ በርበሬ ይሸጣል። ሰላምታም ቢሆን ይላኩ።" በኋላ የላክሁት "ትምጣ" የሚለውን ነው።

እሷ ስትወጣ ጋሽ ተካ ከኋላዬ መነጽራቸውን አወለቁ። እዚያው ተቀምጠው ሁሉንም ሰምተዋል፤ እኔም መኖራቸውን እያወቅሁ ነው የተናገርሁት።

"ያኔ በየቅዳሜው ኮምቦልቻ የምትወርጂው ለዚህ ኖሯል?"

"አዎ ጋሼ።"

"እኔ እኮ ባል አግኝታለች ብዬ፣ ለባለቤቴም ነግሬያት፣ ሠርጉን ስንጠብቅ ኖርን።"

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ እሳቸው ሳቃቸውን ቀድመው አቆሙ።

"ብትነግሪኝ አልወርድልሽም ነበር?"

"ይወርዱልኝ ነበር።"

ከሥራ ዘመኔ ለእናንተ የማስተላልፈው ይህን ነው፤ የሚጠብቅ ሰው መጠበቁን ቢያንስ ለአንድ ሰው ይንገር።